ስለ እህት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

ከአርባ ምንጭና ከሌላም ቦታ የመጣችሁ ስላላችሁ በአማርኛ ነው የምናገረው። ጋሞኛ የሚቀላችሁ እናቶች ግን ስጨርስ አትሂዱብኝ፤ ቁጭ ብለን በቋንቋችን እንጫወታለን።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጮክ ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ በልባችሁ ቁጠሩ። ከአንድ እናት ከወጣችሁት መካከል 15 ዓመት የሞላቸው እህቶቻችሁ ስንት ነበሩ? ከእነርሱ ዛሬ በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው? የሞቱትስ? ከሞቱት ውስጥ ደግሞ በእርግዝና ላይ ሳሉ፣ በምጥ፣ ወይም ከወለዱ በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላቸው ያለፉት ስንት ናቸው?

እነዚህን አራት ጥያቄዎች እኔ አልፈጠርኳቸውም። ዌንዲ ግራሃም፣ ዊልያም ብራስና ሮበርት ስኖው የተባሉ ተመራማሪዎች ጋምቢያ ውስጥ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1989 አሳተሟቸው። የልደትና የሞት መዝገብ በሌለበት አገር በወሊድ የሞተችን ሴት ማን ይቆጥራታል? ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። እርሷ አትናገር፤ አፈር ተጭኗታል። ባል ሌላ ያገባል፤ አንዳንዴም አገር ይለቃል። እናት ታረጃለች፤ ቀድማም ትሞታለች። ወንድምና እህት ግን በዕድሜ ይቀራረቧታል፣ አብረዋት በልተዋል፣ አብረዋት ውኃ ቀድተዋል፤ እንዴት እንደሞተችም አይጠፋቸውም። ስለዚህ ሄደው የጠየቁት እነርሱን ነው።

ጥያቄዎቹ እኛም አገር፣ እዚሁ ጋሞ ደጋ ድረስ መጥተዋል። ያሊሶ ያያና የኖርዌዩ ፕሮፌሰር በርንት ሊንድትዮርን ስለ ቦንኬ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት አለ። መልሳቸው የተቆጠረላቸው 8,503 ሰዎች ስለ 22,473 እህቶቻቸው ተናገሩ። 2,552ቱ ሞተዋል። ከእነዚህ ሟቾች 819ኙን የወሰደው እርግዝናና ወሊድ ነው። ከዚህ ተነሥተው ሲያሰሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ገደማ በነበረው ሁኔታ፣ ቦንኬ ውስጥ ከ10 ሴት አንዷ በዕድሜዋ ዘመን በዚህ ምክንያት የምትሞት ሆና ተገኘች።

819ን ስታስቡ ገበያ ሙሉ ሴት አድርጋችሁ አስቡት። የእያንዳንዷን ሞት ለጠያቂው የተናገረው ወንድሟ ወይም እህቷ ነው። ይህን ያህል የሚያውቅ ወንድም፣ ይህን ያህል የሚያስታውስ እህት፣ እርሷ ታምጥ በነበረበት ሌሊት የት ነበር? እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህን ለማንሣት ነው። የምጠይቀው ለወቀሳ አይደለም፤ እኔም እዚያው ነበርኩና።

ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ለክረምት ዕረፍት ከትምህርት ቤት መጥቼ ታላቅ እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ሦስተኛ ልጇ ነው። ባሏ እንደ አብዛኛው የአገራችን ሸማኔ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነበር፤ ታላቅ ወንድማችንም እንደዚሁ። ቤት ውስጥ የነበርነው አማቷ፣ ብዙ ልጅ በእጃቸው የተቀበሉ አንዲት የጎረቤት እናት፣ ሁለት ሕፃናትና እኔ ነን። ምጡ የጀመራት ከብቶቹ ሲገቡ ነው። ከኋላዋ ተቀምጬ ጀርባዋን ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኳት። ሲመጣባት እጄን ትጨብጣለች፤ ሲለቃት ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ትጥላለች። ላቧን እጠርግላለሁ፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ አቀምሳታለሁ፣ «አይዞሽ፣ አለሁልሽ» እላታለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ዶሮ ሳይጮህ ሴት ልጅ ተገላገለች። እልልታው ተሰማ። ጎረቤት ገባ፣ እሳቱ ተቀጣጠለ፣ ቡና ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ተፈላ። ሁላችንም ልጅቷን እናያለን። እህቴ ዝም ብላለች። ደክሟት ነው ብለን ተውናት። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ ወንድማችን ነው። ምሥራቹን ነገርኩት። እንደ ሰው ሁሉ «ወንድ ነው ሴት?» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«እንግዴ ልጁ ወጣ?» አለኝ።

«ገና ነው።»

«ከወለደች ስንት ሰዓት ሆናት?»

መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ አቅፌያት ሳለሁ ልጁ የወጣበትን ሰዓት አላየሁም። በሐሳቤ ወደኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ቡናው ተቆልቷል፣ ተወቅጧል፣ ፈልቷል፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። ታዲያ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል ማለት ነው! የተሸፈነችበትን ጋቢ ገለጥኩት። ከሥሯ የተነጠፈው ሁሉ በደም ርሷል።

የሆነውን ሁሉ አልተርክላችሁም። የቀርከሃ ቃሬዛ ተሠራ፤ ወንዶች እየተፈራረቁ በጭቃው ተሸክመዋት እስከ መኪናው መንገድ ወረዱ፤ መኪና ተገኘ፤ ሐኪም እጅ ገባች። ተርፋለች። ዛሬ ልጇ ተማሪ ናት።

ወንድሜ ያን ጥያቄ ከየት አመጣው? በኋላ ጠይቄው ነገረኝ። ሽሮ ሜዳ ከጎኑ ተቀምጦ የሚሸምን ጓደኛው እህቱን በእንግዴ ልጅ ምክንያት አጥቷት ነበር። «ልጁ ከወጣ በኋላ ቡና ስንጠጣ ሞተችብን» እያለ መወርወሪያውን ይዞ ያለቅስ ነበር አሉ። የአንዷ እህት ሞት የሌላዋን ያተረፈው በዚህ መንገድ ነው። በዓመቱ ለመስቀል ሲመጣ ወንድሜ ለእኔ ያመጣልኝ ስጦታ የእጅ ሰዓት ነበር።

ቤት ውስጥ መውለድን ነውር አድርጌ ለመናገር አልመጣሁም። እዚህ ያላችሁት ብዙዎቻችሁ የተወለዳችሁት ምድጃ ዳር ነው፤ እኔም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2010 በቦንኬ፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያና በደምባ ጎፋ 75 የገጠር ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመዘገቧቸው ልደቶች 10,987 ነበሩ። ከእነዚህ 9,863ቱ የተወለዱት ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት 53 እናቶች ሞቱ፤ 44ቱ የሞቱት እዚያው ቤታቸው ነው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የቆረጠኝ ግን የመንገዱ ነገር ነው። መንገድ በሚገባበት ቀበሌ ከ100,000 ልደት 410 እናቶች ይሞታሉ የሚል ስሌት ሲወጣ፣ መንገድ በማይገባበት 946 ሆነ። ሴቲቱ ያው ሴት፣ ማኅፀኑም ያው ማኅፀን ነው። ልዩነቱ ጭቃው ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። የእናቶች ሞት ከ100,000 ልደት ከ871 ወደ 412 መውረዱን የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አሳይቷል። ይህ የአገር ቁጥርም የተገኘው ቤት ለቤት እየተዞረ ሰዎች ስለ እህት ወንድሞቻቸው ተጠይቀው ነው። ሆኖም በ2019 እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት እናቶች የወለዱት ከጤና ተቋም ውጭ ነበር። ልሂድ ያለችም ብትሆን ምጡ ሊቀድማት፣ ዝናቡ ሊዘጋባት፣ መንገድ ላይ ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ «ሆስፒታል ትውለድ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ለእኔ በቂ አይደለም። ያን ሌሊት ከጎኗ ያለው ሰው ምን ማወቅ አለበት?

መጀመሪያ ሰዓት ይያዝ። የልምድ አዋላጇ እጅ አላት፣ አማት ልምድ አላት፤ ሰዓት የሚይዝ ሰው ግን በብዙ ቤት የለም። ምጡ መቼ ጀመረ? ከጀመረ 12 ሰዓት ካለፈው መነሣት ነው። ልጁ መቼ ወጣ? እንግዴ ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልወጣ መነሣት ነው፤ እትብቱን ይዞ መጎተት ግን ፈጽሞ አይገባም። ደም አንዴ መፍሰስ ከጀመረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከዚህ ከጨንቻ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው፤ ከመንደር ጨንቻ ድረስ ያለውን የእግር መንገድ እናንተው ታውቁታላችሁ። ይህ ሁሉ ከሁለቱ ሰዓት ላይ ሲቀነስ ስንት ይተርፋል? ቡና አፍልተን ስንጨርስ የቀረው ጊዜ ለመሸከሚያ አይበቃም።

ራሷን ክፉኛ ካመማት፣ ዓይኗ ከጨለመባት ወይም ካንቀጠቀጣት፣ ትኩሳት ካላት፣ ከልጁ ራስ ቀድሞ እጅ ወይም እትብት ከታየ፣ ሰዓት ቆጥሮ መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም። ወዲያው መደወል፣ ወዲያው መነሣት ነው። እንግዴ ልጁ ወጥቶ ደሙ ከበዛ ከእምብርቷ በታች ያለውን ሆዷን እንደ ኳስ እስኪጠነክር በእጅ እያሹ፣ ልጁንም ጡት እያስያዙ መጓዝ ነው፤ ጡት ሲጠባ ማኅፀኗ ይኮማተራል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሚሶፕሮስቶል የሚባል እንክብል ሰጥታችሁ እንደሆነ አወሳሰዱን አስቀድማችሁ ከእርሷ ተማሩ። እንክብሉ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ትልቅ ነገር ነው።

ልጁን ደግሞ አትርሱት። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ እርጥብ ሕፃን በዚህ ብርድ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያሻኝም። የእኔ እህት ልጅ ተጠራርጋ ሳታልቅ ምድጃ ዳር ተኝታ እንደነበር ዛሬም ይታየኛል። ዶርዜ የሚሸምነውን ጋቢ አገር በሙሉ ይለብሰዋል፤ የራሳችን ልጅ ግን ርሶ ይተኛል! ሁለት ንጹሕ ጨርቅ አስቀድሞ ይዘጋጅ። በአንዱ ቶሎ አድርቁትና ያን ጣሉት፤ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አስተኝታችሁ በሌላው ከራሱ ጀምሮ ሸፍኑት። ገላውን ማጠቡ ለማግስቱ ይቆይ። እትብቱ በአዲስ ምላጭ ይቆረጥ፣ በንጹሕ ክር ይታሰር፤ ቅቤ አይቀባ።

ይህን ሁሉ ማንም ሊያደርገው ይችላል፤ ለምን እህትና ወንድም እንደምል ልንገራችሁ። ሴት ልጅ አማት ቤት ስታምጥ «በቃኝ፣ ውሰዱኝ» ለማለት ይከብዳታል። አማቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ራሷ እዚያው ቤት ስምንት ወልዳ «እኔም እንዲሁ አምጬ ነበር» ስትል ከልቧ ነው። ባልም እናቱን ያያል፤ ሽማግሌ ያያል፤ ገንዘቡን ያሰላል። የእርሷ ወንድም ደጃፍ ላይ ቆሞ «እህቴን ልውሰዳት» ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል። የትውልድ ቤቷ ነው የተናገረው። እምቢ የሚለው ሰው ነገ ቢከፋ ለማን እንደሚመልስ ያውቃል። ይህን ሥልጣን ለለቅሶ ቀን ብቻ አታስቀምጡት።

እዚህ ላይ ወደ አባቶቼ ዘወር ልበል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣ ወጣት ፊት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ሲንበረከኩ አገሩ በሙሉ አይቷል። ወጣቱም ሰምቶ ተመለሰ። እንዲህ የሚሰማ ቃል ያላችሁ አባቶች በጉባኤ አደባባያችን በዱቡሻ ላይ ተቀምጣችሁ አንዲት ቃል ብትጨምሩልኝ እመኛለሁ፦ ምጥ 12 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ደም ካልቆመ፣ ባል ይኑር አይኑር፣ ማንም የማንንም ፈቃድ አይጠብቅ። ይህ ቃል ከእናንተ ሲወጣና ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ እኩል አይሰማም።

ስለ መሸከም ሳስብ ሁልጊዜ የዶርዜ ቤት ትዝ ይለኛል። ቀርከሃው ተጠልፎ፣ ግንባሩ እንደ ዝሆን ወጥቶ የሚቆመውን ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው፣ ወይም ባለቤቱ ቦታ ሲቀይር፣ መንደሩ ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ይሸከመዋል። ሙሉ ቤት! የሚሸከመው ሰው የተጠራው ግን አስቀድሞ ነው፤ ቀኑ ይታወቃል። ለእህቴ ቃሬዛ የተቆረጠው ደሟ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ወሯ የገባ ሴት ባለችበት ቤት ቃሬዛው አስቀድሞ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ ቢደገፍ፣ ተሸካሚዎቹም በስም ቢታወቁ ምን ይጎድለናል?

ሽሮ ሜዳ ያላችሁ ወንድሞቼ ይህ ወሬ ይድረሳችሁ። «እኔ ሩቅ ነኝ» አትበሉ። የእኔ ወንድም ሩቅ ነበር። ወሯ ሲገባ በየማታው ደውሉ። የአምቡላንሱ ሹፌርና የጤና ኤክስቴንሽኗ ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፉን፣ ስልኩ ቻርጅ መደረጉን ጠይቁ። ከሆስፒታል ለመመለሻ የሚሆን ብር አስቀድማችሁ ላኩ። ደም የመስጠት አቅም ያላችሁ ስጡ፤ እናንተ እዚያ የሰጣችሁት እዚያ ያለችን የማታውቋትን ሴት ያተርፋል፤ አርባ ምንጭ ላይ የተሰጠው ደግሞ የእናንተን እህት ይጠብቃታል።

ስለ እጅ መያዝም ልናገር፤ ቀላል ነገር ስለሚመስል ብዙ ሰው ይንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ጓቴማላ ውስጥ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። አጠገባቸው አይዞሽ የሚል ሰው የተመደበላቸው ምጥ የያዛቸው ሴቶች ሆስፒታል ከገቡ በአማካይ በ8.8 ሰዓት ሲወልዱ፣ ብቻቸውን የተተዉት 19.3 ሰዓት ፈጀባቸው። አጽናኟ እንኳ ዘመድ አልነበረችም፤ የማያውቋት ሴት ናት። ጥናቱ ትንሽ ነበርና ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ እንዳልሆነ በኋላ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ምጡ ያጠረው በ40 ደቂቃ ያህል ነው። በቀዶ ሕክምና የሚወልዱት ግን ቀንሰዋል፤ ምጣቸውንም በክፉ የሚያስታውሱት እንደዚሁ። በዓመቱ የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መከረ።

ለጤና ባለሙያዎች ይህን የምለው በአክብሮት ነው። ብዙ እናት ከቤት መውጣት የምትፈራው ብቻዋን እንዳትቀር ነው። ቤቷ ውስጥ ጀርባዋን የሚደግፍ ደረት አላት፤ እናንተ ዘንድ ስትመጣ «ዘመድ ውጭ ይቆይ» ከተባለች የሚጠብቃት ብርድ አልጋና የማታውቀው ፊት ነው። በየጤና ጣቢያው ገንፎ መሠራቱ፣ ቡና መፈላቱ ደግ ሥራ ነው፤ እናቶቻችን ወደውታል። ከገንፎው ጋር እህቷንም አስገቡላት።

እስካሁን ስለ ምጥ ሌሊት ብዙ ተናገርኩ። የእህት ትልቁ እርዳታ ግን ምጡ ከመምጣቱ በፊት ሊሆን ይችላል። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ሩቅ ላሉ እናቶች ማረፊያ ቤት ከፈተ። ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እዚያ ይቆያሉ፤ ምጥ ሲይዛቸው ሐኪሙ ደጃቸው ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የእናቶች ማቆያ አለ። ታዲያ ለምን አይሄዱም? አንዲት እናት «ልሂድ ብልስ ልጆቼን ለማን ጥዬ? ላሚቱን ማን ያልባታል? ቆጮውንስ ማን ይጋግራል?» ብላኛለች። ሴቲቱን ቤቷ ያሰራት ሥራው ነው። ይህን ሁለት ሳምንት ከእህት በቀር ማን ይሸከምላታል? ስለዚህ «እህቴን በወሊድ ረዳኋት» የምትል ሴት ምናልባት ወሊዱን በዓይኗ ሳታይ፣ የእህቷን ልጆች ስታበላና እንሰት ስትፍቅ የሰነበተችዋ ናት።

እኔም ከዚህ በላይ ላቆያችሁ አልችልም። ታናሽ እህቴ ወሯ ገብቷል። ከዚህ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ የምትታለብ ላም አለቻት። ነገ ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ፤ ከነገ ወዲያ እርሷ ወደ ማቆያው ትወርዳለች፣ እኔ ቤቷ እቀራለሁ። ምጡ ከቀደመን ቃሬዛው ተሠርቷል፤ የስድስት ሰው ስም ተጽፏል። ወንድማችን ትናንት ማታ ከሽሮ ሜዳ ደውሎ ስለዚህ ሁሉ አንድ በአንድ ሲጠይቀኝ አመሸ። በመጨረሻ፣

«ሰዓትሽን አስረሻል?» አለኝ።

አስሬአለሁ።